ልጄን ኢንጂነሪንግ ተቀበሏት፤ በዓመት 38 ሺህ ዶላር ግን ከየት ይመጣል?

ባለ ካምሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ማርች 21 ቀን 2026

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ሴት ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ የተበላሸ ነገር ፈትታ ካልገጠመች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት፤ ልትማር የምትፈልገውም መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። እኔ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፣ ታናሽ ወንድሟ 9ኛ ክፍል ነው። በዲቪ ከመጣን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል። አንደኛው ፔንሲልቬንያ የሚገኝ የግል ኮሌጅ ሲሆን በቀጥታ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ውስጥ አስገብቷታል። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 71 ሺህ ዶላር ነው፤ 33 ሺህ ስኮላርሺፕ ስለሰጧት ለእኛ የሚቀረው 38 ሺህ ነው። ሁለተኛው እዚሁ አጠገባችን ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲውን እንጂ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቱን አላገኘችም፤ «ሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ» በሚሉት ክፍል ጀምራ በኋላ ማመልከት እንደምትችል ጽፈውላታል። ከቤት ብትመላለስ ከዕርዳታው በኋላ የሚቀርብን በዓመት 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነው።

በአገራችን ማትሪክ ተፈትነን፣ መንግሥት በመደበን ቦታ ሻንጣችንን ይዘን እንሄድ ነበር። እዚህ ግን መዳቢውም ከፋዩም ወላጅ ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷ ልቧ ወደ ፔንሲልቬንያ ሸፍቷል፤ የ33 ሺህ ስኮላርሺፕ እምቢ ማለት ዕድልን በእግር እንደ መግፋት ሆኖ ይሰማኛል። የወላጅ ብድር ስለመውሰድና አዲስ አበባ ያለችንን ኮንዶሚኒየም ስለመሸጥ ከባለቤቴ ጋር እየተነጋገርን ነው። እስከ ሜይ 1 መወሰን ስላለብን የምታውቁ ምከሩን።

ድልድይ ሠሪ (ፌርፋክስ)፣ ማርች 21

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። እኔ ከአምስት ኪሎ ተመርቄ እዚህ ማስተርሴን የሠራሁ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ በሥራዬም አዲስ ተመራቂዎችን ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ። ከገንዘቡ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ ልጅቷ ሒሳብ ላይ የት ደርሳለች?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሁሉ የአንዱን ዓመት ዋጋ ያነጻጽራል፤ ኢንጂነሪንግን የሚያስወድደው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓመታቱ ብዛት ነው። ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ካልኩለስ 1 ሳያልፉ ካልኩለስ 2ም ሆነ ካልኩለስን መሠረት ያደረገው ፊዚክስ አይወሰድም፤ ያለ ፊዚክስ ስታቲክስ የለም፤ ያለ ስታቲክስ ዳይናሚክስና የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት አይኖርም፤ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፈሳሾች ትምህርትና የሙቀት ዝውውር ደግሞ ከዚያ በላይ ይደረደራሉ። ከላይኞቹ ኮርሶች አንዳንዶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጡ በአንዱ የወደቀ ተማሪ የሚያጣው አንድ ኮርስ ሳይሆን አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። ኮሌጅ ገብቶ ከፕሪካልኩለስ የሚጀምር ልጅ ገና ከመነሻው አንድ ሴሚስተር ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ ዓመት ከቤት ለሚመላለስ 8 ሺህ፣ ፔንሲልቬንያ ላለ ደግሞ 38 ሺህና ከዚያ በላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን ያ የትምህርት ክፍል ራሱ የኤቤት ዕውቅና ያለው መሆኑ ነው። ኤቤት የኢንጂነሪንግ ትምህርቶችን የሚመዝን ተቋም ሲሆን፣ ኋላ የመሐንዲስነት ፈቃድ ለማውጣት ዕውቅናው ያለው ዲግሪ መንገዱን እጅግ ያቀልላል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች መካኒካል ላይ ይህ እንዳላቸው ከኤቤት ድረ ገጽ ላይ በሁለት ደቂቃ ይረጋገጣል። ወረቀቱ ከተሟላ እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ የምጠይቀው ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የተማሪነት የሥራ ልምምድ፣ የት እንደሠራች ነው፤ የኮሌጁ አጥር ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የታክስ ሰው (አሌክሳንድሪያ)፣ ማርች 22

የድልድይ ሠሪን ነጥብ በቁጥር ልደግፈው። 38 ሺህን በአራት ስታባዙት 152 ሺህ ይሆናል፤ እውነተኛው ሒሳብ ግን እንዲህ አይደለም። ስኮላርሺፑ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ ዋጋው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ጭማሪውን በዓመት 4 በመቶ ብንወስድ 71 ሺህ የነበረው በአራተኛው ዓመት ወደ 80 ሺህ ይጠጋል፤ ጭማሪው በሙሉ የሚወድቀው በእናንተ ላይ ስለሆነ የእናንተ ድርሻ ከ38 ሺህ ተነሥቶ ወደ 47 ሺህ ገደማ ይደርሳል። የአራቱ ዓመት ድምር 169,500 ዶላር አካባቢ ነው።

አሁን ብድሩን እንይ። ልጅቷ በራሷ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የምትችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ነው፤ በአራት ዓመት 27 ሺህ ይሆናል። ቀድሞ ወላጅ ፓረንት ፕላስ በሚባለው የፌዴራል የወላጅ ብድር የጎደለውን ሁሉ መበደር ይችል ነበር። አምና ጁላይ ላይ የጸደቀው ሕግ ግን ይህን ለውጦታል፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ጣሪያው ለአንድ ተማሪ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ነው። ልጅዎ ደግሞ የምትጀምረው ልክ በዚህ ዓመት ነው። በየዓመቱ 20 ሺህ ብትወስዱ ለአራተኛው ዓመት የሚቀራችሁ 5 ሺህ ብቻ ነው። የእርሷንና የእናንተን ብድር አሟጣችሁ ብትወስዱ 92 ሺህ ነው፤ የቀረው 77,500 ዶላር ከኪስ ወይም ዋስ ከሚጠይቅ የግል ባንክ ብድር መምጣት አለበት።

የፓረንት ፕላስ ወለድ ለ2025-26 ዓመት 8.94 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ሲለቀቅም ከ4 በመቶ በላይ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል። 65 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ለ20 ዓመት ሲከፈል በወር 585 ዶላር ገደማ ነው። በአዲሱ ሕግ የሚወሰደው የወላጅ ብድር በገቢ ልክ ወደሚከፈልበት መንገድ ስለማይዛወር፣ ሥራ የቀዘቀዘበት ወር ይኑር አይኑር ያው 585 ነው። ልጅዎ አራተኛ ዓመት ስትገባ ወንድሟ ኮሌጅ ይጀምራል፤ ይህንንም አብራችሁ አስቡት።

ባለ ካምሪው፣ ማርች 22

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን ለባለቤቴ ሳነብላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ልጅቷ አሁን ኤ.ፒ ካልኩለስ ኤቢ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) እየተማረች ነው፤ ፈተናውም ሜይ ላይ ነው። ኬሚስትሪና ፊዚክስም ወስዳለች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ፋፍሳን (የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ መጠየቂያ ቅጹን) ኖቬምበር ላይ ስንሞላ የአዲስ አበባዋን ኮንዶሚኒየም አልጻፍንም፤ እዚህ አገር ያለውን ብቻ የሚጠይቅ መስሎን ነበር። ደግሞ በሚያዝያ የእቁብ ዕጣ ስለሚደርሰኝ ገንዘቡን በልጅቷ ስም ባንክ ላስገባው አስቤ ነበር። ሁለቱንም እንዴት ታዩታላችሁ?

የታክስ ሰው፣ ማርች 22

ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን በጓዳ እንጂ በአደባባይ አያነሣውም። ራሳችሁ የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባ ፋፍሳ ላይ አይጻፉም። ከዚያ ውጭ ያለ ቤትና መሬት ግን የትም አገር ይሁን መጻፍ አለበት። የሚጻፈው ቅጹን በሞላችሁበት ቀን ያለው የገበያ ዋጋ፣ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ተለውጦ፣ ቀሪው የንግድ ባንክ ዕዳ ተቀንሶለት ነው። ገቢያቸው ከ60 ሺህ በታች የሆነ አንዳንድ ቤተሰቦች ንብረት ከመጻፍ ነፃ ናቸው፤ እርስዎ ግን እንደ ሾፌር ሼጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ የሚገለጽበትን የታክስ ቅጽ) ስለሚያስገቡ፣ የዓመቱ ትርፍዎ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ያ ነፃነት አይደርስዎትም።

ፍርሃቱ ከጉዳቱ ይበልጣል። የወላጅ ንብረት ቢበዛ በ5.64 በመቶ ነው የሚታሰበው። ቤቷ ዕዳዋ ተቀንሶ 40 ሺህ ዶላር ብታወጣ፣ በዓመት ትከፍላላችሁ ተብሎ በሚገመተው ላይ የምትጨምረው ቢበዛ 2,256 ዶላር ነው። ቅጹን ገብታችሁ ማረም ይቻላል፤ ማረም ደግሞ ማንም ሳይጠይቃችሁ የሆነ እንደሆነ ስሕተት ተብሎ ያልፋል፣ ተጠይቃችሁ ከሆነ ግን ሌላ ስም ያገኛል።

የእቁቡን ገንዘብ በልጅቷ ስም እንዳታስገቡት። የተማሪ ንብረት የሚታሰበው በ20 በመቶ ነው፤ በወላጅ ስም ሲሆን ግን በዚያው በ5.64 ጣሪያ ሥር ነው። ወላጅ በከፈተው የ529 ሒሳብ (የትምህርት ቁጠባ) ውስጥ ብታስቀምጡት እንደ ወላጅ ንብረት ይቆጠራል፤ ሜሪላንድም ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የግዛቱ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ትቀንሳለች። ቀለብ የሚገዛበትን ገንዘብ ግን እዚያ አትቆልፉት።

ቤት መሸጥ ያስቆጨው፣ ማርች 23

ስለ ሽያጩ አንድ ቃል ብቻ ልበል። ብር ከጁላይ 2024 ወዲህ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ መቶን አልፏል። በብር የተወደደ የመሰላችሁ ቤት በዶላር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚያንስ አስሉና ከዚያ ተነጋገሩ። እኔ ሳላሰላ ሸጬ የአንድ ዓመት ዶርም እንኳ አልሸፈነልኝም።

የኖቫ ተማሪ እናት፣ ማርች 23

የእኔ ልጅ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በኖቫ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ተሻግሯል። እናንተ ሜሪላንድ ስለሆናችሁ የሚመለከታችሁ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ነው፤ የካውንቲው ነዋሪ የዓመት ክፍያ ከ5 ሺህ ዶላር ብዙ አይበልጥም፤ የኢንጂነሪንግ አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪም አላቸው። ሜሪላንድ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ የምትሰጠው የፕሮሚስ ስኮላርሺፕም እስከ 5 ሺህ ዶላር ድረስ ይሸፍናል፤ ፋፍሳን ከማርች 1 በፊት ስለሞላችሁ ጠይቁ።

ነገር ግን ሰዎች ይህን መንገድ ሲያወድሱ የማይናገሩትን ልንገራችሁ። ልጄ ከወሰዳቸው ኮርሶች ሁለቱ ዲግሪው ውስጥ ሳይቆጠሩ ቀሩ፤ ምክንያቱም ዝርዝሩን ከአማካሪ ጋር ሳያመሳክር በስማቸው ብቻ መርጧቸው ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደርስም የላብራቶሪ ጓደኞቹ ሁሉ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ይተዋወቁ ስለነበር የመጀመሪያው ሴሚስተር በጣም ከብዶት ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ያለ ወላጅ ብድር ሊመረቅ ነው፤ ዕንባውን እያበሰኩ ይህን ማለት እችላለሁ።

በቀጥታ የገባ ይሻላል፣ ማርች 23

ከብዙኃኑ ሐሳብ ልለይ። ሁላችሁም ኮሌጅ ፓርክ ከገባች ኢንጂነሪንግ የገባች አድርጋችሁ እያሰላችሁ ነው። እዚያ ኢንጂነሪንግ ቦታው የተገደበ ነው፤ የመግቢያ ኮርሶቹን በጥሩ ነጥብ ካላለፈች በሩ ይዘጋባታል። ያን ጊዜ ርካሹ ዲግሪ ያልፈለገችው ዲግሪ ይሆናል። ፔንሲልቬንያ ግን ወንበሯ አሁን በእጇ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ለግል ኮሌጁ አቤቱታ ጽፌ ገንዘብ እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ።

ድልድይ ሠሪ፣ ማርች 24

ይህ ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ ስለ አቤቱታውም እስማማለሁ። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ፋፍሳ የማያየውን ሁሉ በማስረጃ አቅርቡ፤ በ2024 ታክስ ላይ ከታየው ገቢ አሁን የቀነሰ ከሆነ፣ የሕክምና ወጪ ካለ፣ አገር ቤት ያሉ እናትና አባት የምትጦሩ ከሆነ የላካችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። ቢሮው የማየት ሥልጣን አለው፤ የመቀበል ግዴታ ግን የለበትም። በዚያው ደብዳቤ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ለመታደስ ምን አማካይ ነጥብ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ አስመልሱ። 3.0 ከሆነ፣ በአንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ 2.8 ያመጣ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ 33 ሺህ ዶላር በ0.2 ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

ከርዕሱ ትንሽ የወጣ ነገር ላንሣ። በዲቪ ከመጣችሁ ስድስት ዓመት ከሆናችሁ ዜግነት ጠይቃችኋል? የመከላከያ ኩባንያዎችና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አብዛኛው የኢንተርንሺፕ በራቸው ለዜጎች ብቻ የተከፈተ ነው። ግሪን ካርድ ያላት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት አብሯት ከሚኖረው ወላጅ አንዱ ዜጋ ከሆነ እርሷም በሕግ ዜጋ ትሆናለች፤ ከሞላት በኋላ ግን በራሷ ማመልከት አለባት።

የኮሌጅ ፓርክ 2ኛ ዓመት፣ ማርች 24

ጋሼ፣ እኔ ራሴ በሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ ጀምሬ አሁን መካኒካል ውስጥ ያለሁ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ነኝ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚለኩበት ነገር ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነው። ካልኩለስ 2ን፣ ካልኩለስን መሠረት ያደረገውን ፊዚክስ 1ንና ኬሚስትሪን በሚፈለገው ውጤት ማለፍና አማካይ ነጥብን መጠበቅ ያስፈልጋል። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል ያልተሳካላቸው በአብዛኛው ሥራና ትምህርት አብረው የያዙ ወይም መምህሩን ቢሮው ሄደው ለመጠየቅ ያፈሩ ናቸው። እኛ ልጆች አዋቂን መጠየቅ ድፍረት ነው ተብለን ስላደግን ይህ ሁለተኛው ይብስብናል።

ልጅዎ በኤ.ፒ ፈተናው ጥሩ ካመጣች ካልኩለስ 1 ይያዝላታል፤ እንደዚያ ከሆነ ካልኩለስ 2ን በክረምቱ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ወስዳ ከክረምቱ ቀጥሎ ቀለል ያለ ሴሚስተር እንድትይዝ አድርጉ። ከቤት መመላለሱን በተመለከተ ርቀቱ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው የቡድን ሥራ በምሽት መሆኑ ነው። መኪና ወይም የሚያደርሳት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ተጨማሪ የትምህርት ክፍያ እንዳለበትም እወቁ፤ እኔ ሲነገረኝ ደንግጬ ነበር።

ሌላው፣ የወረዳችሁ ሴናተርና ዴሌጌቶች (የግዛቱ ምክር ቤት አባላት) የሚሰጡት የሜሪላንድ ስኮላርሺፕ አለ። ሐበሻ ቤት ውስጥ ስለዚህ የሚያውቅ ብዙም አላየሁም። እኔ አመልክቼ ያገኘሁት ትንሽ ነው፤ የዓመቱን መጽሐፍ ግን ሸፍኖልኛል።

የ11ኛ ክፍል ወላጅ (ጀርመንታውን)፣ ማርች 25

ይህን እያነበብኩ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አልኩ። ገና አንድ ዓመት ያለን ሰዎችስ ከምን እንጀምር?

ድልድይ ሠሪ፣ ማርች 25

ልጁ በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ እንዲወስድ አሁኑኑ መዝግቡት፤ ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው። ኮሌጅ ፓርክ የሚያመለክት ከሆነ እስከ ኖቬምበር 1 ባለው ጊዜና ኢንጂነሪንግን ለይቶ መርጦ ያመልክት። ዩ.ኤም.ቢ.ሲን (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባልቲሞር ካውንቲን) አትርሱ፤ ይህች ልጅ ብታመለክት ኖሮ ሦስተኛ ምርጫ ይኖራት ነበር። ከ1988 ጀምሮ ያለው የሜየርሆፍ የስኮላርሺፕ ፕሮግራምም ያለው እዚያ ነው። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ግን ዋጋ ሳታነጻጽሩ የሚያስር ውል ስለሆነ የገንዘብ ሥጋት ላለበት ቤት አልመክርም።

ፋፍሳ ኦክቶበር ሲከፈት ሙሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር በሕግ የሚገደድበትን የተጣራ ዋጋ ማስያ ተጠቀሙ፤ የሚለጠፈውን ዋጋ አይታችሁ አትፍሩ፣ ስኮላርሺፑንም አይታችሁ አትደሰቱ። ኤም.አይ.ቲ ከ2025-26 የትምህርት ዓመት ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው ከ200 ሺህ ዶላር በታች ለሆነና የተለመደ ንብረት ላለው ተማሪ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ይህን ሳያውቅ «ውድ ነው» ብሎ የተወው ስንቱ ነው።

ባለ ካምሪው፣ ኤፕሪል 17

የደረስንበትን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ፋፍሳውን አርመናል፤ ኮንዶሚኒየሟንም ጽፈናል፤ የኮሌጅ ፓርኩ ድርሻችን ከ8 ሺህ ወደ 9,400 ከፍ አለ። ለፔንሲልቬንያው ኮሌጅም ቤቷን ጭምር ገልጸን አቤቱታ ጻፍን፤ ለእናቴ የላክሁበትን የአንድ ዓመት ደረሰኝ አያይዤ ነበር፤ በዓመት 4 ሺህ ዶላር ጨመሩልን። ስኮላርሺፑ እንዲታደስ 3.2 አማካይ ነጥብ እንደሚያስፈልግም በኢሜይል ጻፉልን።

ቁጥሩን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ያለ ምንም አስተያየት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን መጥታ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ «ኮሌጅ ፓርክ ኢንጂነሪንግ ባልገባስ?» አለችኝ። ያ የ2ኛ ዓመት ልጅ የጻፈውን ሙሉውን አነበብኩላት። ባለፈው ሳምንት ሄዳ የመካኒካል ላብራቶሪውን አይታ፣ ከአማካሪዋም ጋር ተነጋግራ መጣች፤ ካልተሳካም ዩ.ኤም.ቢ.ሲ በትራንስፈር የማመልከት መንገድ እንዳላት አረጋግጣለች። ትናንት ማታ የመያዣውን ክፍያ ለኮሌጅ ፓርክ ከፍለናል።

የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ ልጅቷ 18 የሚሞላት ኦክቶበር ላይ ስለሆነ ይደርስ አይደርስ እንደሆነ እናያለን። እቁቡ ወጥቶልኛል፤ በስሜ ነው ያስገባሁት። የክረምቱ ካልኩለስ 2 ምዝገባ ተከፍቷል፤ የቀኑን ክፍል ትያዝ ወይስ የማታውን? የ2ኛ ዓመቱ ልጅ ካለህ መልስልኝ፤ በማታው ከሆነ እኔ አድርሻት እዚያው አካባቢ ደንበኛ እየጫንኩ እጠብቃታለሁ።

የኮሌጅ ፓርክ 2ኛ ዓመት፣ ኤፕሪል 17

ጋሼ፣ የቀኑን ያስይዟት። ክረምት ላይ ኮርሱ ተጨምቆ ስለሚሰጥ በየቀኑ የቤት ሥራ አለ፤ ማታ ተምራ ሌሊት መሥራት ይከብዳታል። የእኔ መጽሐፍ ቤት ተቀምጧል፤ እትሙ ካልተለወጠ እንዳትገዙ።